ግራቸውን ያነሱት

የማወራችሁ ነገር የሁለት ቀን ታሪክ ነው። ሐሙስ ጠዋት ተጀምሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቀ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ማንም አልሞተም፣ መኪናም አልተገለበጠም። አራት ክረምት የለፋሁበት የማስተርስ ጥናቴ ግን ከእጄ ወጣ፤ እኔም ከዚያ በኋላ የበፊቷ መምህርት አልሆንኩም።

ያን ጊዜ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሥነ ልሳን ነው። ድምፅ አፍ ውስጥ የት ቦታ እንደሚፈጠር፣ ሕፃን ልጅ ቋንቋን እንዴት እንደሚለምድ ስማር ደስ ይለኝ ነበር። ተመርቄ ሰባ ልጅ ፊት ስቆም ግን ያ ሁሉ እውቀት የት እንደገባ ጠፋኝ። ስለዚህ ማስተማሩን ራሱን ልማር ብዬ ዩኒቨርሲቲ በክረምት መርሐ ግብር ተመዘገብኩ። አሥር ወር አስተምራለሁ፤ ሌላው መምህር ሲያርፍ እኔ በሐምሌ ዝናብና በደብረ ብርሃን ብርድ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ክፍል እገባለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻው ዓመት ድካሙ ተኝቼ የሚወጣ መሆኑ ቀረ። እናቴ ስልክ በደወለች ቁጥር «ያ ትምህርት አላለቀም?» ትለኛለች፤ እኔም «ሊያልቅ ነው» እላታለሁ።

ጥናቴ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ምን ያህል ይሳተፋሉ የሚል ነበር። የመረጥኩት ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ መምህር ጌታነህ የሚባሉ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ስድስት ጊዜ ከክፍላቸው ኋላ ተቀምጬ ተመለከትኩ። በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ፤ እሳቸው በጠየቁ ቁጥር ስንት እጅ እንደተነሳ በቅጼ ላይ ሞላሁ። ስልሳ ስምንት ተማሪ አለ፤ ስልሳ፣ ስልሳ አንድ እጅ ይነሳል። በእኔ ክፍል ከዓመት እስከ ዓመት እጅ የሚያነሱት እነዚያው ስድስት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ተደነቅሁ። ምስጢሩ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲወያዩ ማድረጋቸው ነው ብዬ ደመደምኩና መቶ ሃያ ገጽ ጻፍኩበት።

ማስረከቢያው ሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ማክሰኞ አማካሪዬ ጠሩኝ። ጨዋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እንደ እኔው የደከማቸው ሰው ናቸው። ሥራው ጥሩ እንደሆነ ነገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎ ነበር፤ ከተማሪዎች ጋር ያደረግኩት ሁለት ቃለ መጠይቅ ነፋስ ገብቶበት ድምፁ አይሰማም። ሄጄ እንደገና እንድቀዳ አዘዙኝ። ስወጣ አንዱን ቁጭ ብዬ ከራሴ ልጽፈው አሰብኩ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ። ያልጻፍኩት በጨዋነቴ አይደለም፤ የሌለ ነገር መፍጠርም ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው።

ሐሙስ በማለዳ ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ግንቦት ቢሆንም ደጋው ላይ ጉም ነበር። አንኮበር ወርጄ ቁልቁለቱን በእግሬ ስይዘው አየሩ እየሞቀ ሄደ፤ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ ክንዴ ላይ አድርጌው ነበር። መምህር ጌታነህ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ቃለ መጠይቁ በዕረፍት ሰዓት ስለሆነ እስከዚያው ክፍል ገብቼ እንድቀመጥ ጋበዙኝ። ቅጼን እንኳን አላወጣሁም። ከኋላ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ልተኛ ምንም አልቀረኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዘሃራ ትባላለች። ቀኝ ክንዷ በቀርከሃ ታስሮ በነጠላ ቁራጭ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ድንጋይ አንሸራቷት ወድቃ ወጌሻ እንዳሰረላት ቀስ ብላ ነገረችኝ። የዕለቱ ምንባብ ስለ ንብ እርባታ ነበር። መምህሩ ንቦች ቀፏቸውን ጥለው የሚሄዱት ለምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቁ። እንደ ሁልጊዜው ክፍሉ በሙሉ እጅ ብቻ ሆነ። ዘሃራም ግራ እጇን አነሳች፤ መልሱንም በእንግሊዝኛ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋ ከንፈሯ ላይ ስታንሾካሹከው ሰማሁ። ትክክል ነበረች።

መምህሩ ሌላ ልጅ ጠሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ዘሃራ ግራዋን አነሳች፤ መልሱን ለራሷ አለችው፤ አልተጠራችም። በሦስተኛው ያደረገችውን ዛሬም አልረሳውም። ግራዋን አላነሳችም። የታሰረውን ቀኝ ክንዷን ከነጠላው ውስጥ ታወጣው ጀመር። እስከ ትከሻዋ ልታደርሰው ስትል ፊቷ ተጨማደደ፤ እንባዋ ዓይኗን ሞላው፤ ክንዷ ወደ ታች ተመለሰ።

አንጀቴን በላችው። እንቅልፌም በረረ።

በዕረፍት ሰዓት ለቃለ መጠይቁ እሷን መረጥኳት። መቅረጫውን ከመክፈቴ በፊት ጥላው ውስጥ ተቀምጠን የታመመ እጇን ለምን ልታነሳ እንደሞከረች ጠየቅኋት። መሬት መሬቱን እያየች በጣቷ አፈሩን ጫረች።

«ግራ ያነሳ አይጠራም» አለች በመጨረሻ።

«ለምን?»

«የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን ነው ቲቸር።» ከዚያ ደነገጠች። «ወላሂ፣ እሷ ነገረችኝ እንዳይሉብኝ።»

ክው አልኩ። የደነገጥኩት ግን አዲስ ነገር ስለሰማሁ አይደለም። ይህን ብልሃት አውቀው ነበር! ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ሱፐርቫይዘሮች ሊመጡ ነው ሲባል አንድ ነባር መምህር አስተምረውኛል። ተማሪዎቹን ከመምጣታቸው አንድ ቀን በፊት አሰልፌ ቀኝና ግራ አለማምጃቸዋለሁ። ሱፐርቫይዘሮቹ ያን ሁሉ እጅ አይተው ተደስተው ሄዱ፤ እኛም በኋላ ሳቅንባቸው። ያው ነገር ዓይኔ ፊት ስድስት ጊዜ ሲደረግ ግን አላየሁትም። እኔ ሱፐርቫይዘር አይደለሁማ፤ እኔ ተመራማሪ ነኝ። እኔን ማን ይዋሸኛል ብዬ ነው።

ባዶው የመምህራን ማረፊያ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ላይ አቆምኩትና በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ እጅ። ከእነዚህ አርባ ሦስቱ ግራ ናቸው። ሁለተኛውን ቪዲዮ ከፈትኩ፤ ያው ነው። «እጅግ ከፍተኛ ተሳትፎ» ብዬ መቶ ሃያ ገጽ የጻፍኩበት፣ አርባ ሦስት ልጅ «አላውቅም» እያለ ነው። አልቅሼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለሱም አቅም አጣሁ።

መምህር ጌታነህ የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ገቡ። አስቀድመው ለእኔ ማንኪያ ፈለጉ፤ ከዚያ ፊቴን አዩት። ስልኩን አዙሬ አሳየኋቸው። ማን እንደነገረኝ አልጠየቁም። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ምሳ ዕቃውንም ሳይከፍቱት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ሊዋሹኝ አስበው እንዳልሆነ ነገሩኝ። ነገሩ እንደ እኔው ለሱፐርቫይዘር ተብሎ የተጀመረ ነው። ኋላ ላይ ግን ልጆቹ አልተውም አሉ። እጅን ዝቅ አድርጎ መቀመጥ ያሳፍራቸው ነበርና ግራቸውን ማንሳት ወደዱ፤ ከሌላው ጋር እኩል የሆኑ መሰላቸው። ለእሳቸውም ጠቀማቸው፤ አንዴ ዓይናቸውን ጣል ሲያደርጉ ማን እንዳልገባው ያውቃሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር። እኔም ለአፍታ፣ ይሄ እኮ ጥሩ ዘዴ ነው አልኩ በልቤ።

«ታዲያ ግራ ያነሱትን ከዚያ በኋላ ምን ያደርጓቸዋል?» አልኳቸው።

ውጭ ልጆች ኳስ ሲራገጡ ይሰማል።

«ምንም» አሉ። «ማን እንደማያውቅ አውቃለሁ። ከዚያ ቀኙን እጠራና ወደሚቀጥለው ገጽ እሄዳለሁ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ነው እህቴ። መጀመሪያ መጀመሪያ ከትምህርት በኋላ አስቀርቼ አስረዳቸው ነበር። ከዚያ ደከመኝ።»

ልወቅሳቸው ነበር፤ አልወቀስኳቸውም። በየትኛው አፌ። የእኔ ልጆች ግራቸውንም አያነሱም፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚቀመጡት፤ እኔም እነዚያን ስድስቱን ይዤ ወደሚቀጥለው ገጽ እሄዳለሁ። ዘሃራ ክፍል ውስጥ የታመመ ክንዷን ልታነሳ ስትሞክር ማየቴን ስነግራቸው ግን ሰውየው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑት። እጇ መታሰሩን ጠዋት ራሳቸው አይተው «እግዜር ይማርሽ» ብለዋታል። ክፍል ውስጥ ግን ያዩት ግራ እጅ ብቻ ነው።

ያን ቀን ወደ ደብረ ብርሃን አልተመለስኩም፤ መኪና አልፎኛል። አንኮበር አንዲት ጠባብ ክፍል ይዤ ገና ሳይመሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። ያለኝን ምርጫ አስቤ አስቤ ጨረስኩት። ዘሃራ ለማንም አትናገርም፤ መምህሩም አይናገሩም። ፈታኞቹ ቪዲዮውን አያዩም፤ ቅጹን ነው የሚያዩት፤ ቅጹ ደግሞ የሚለው ስልሳ አንድ እጅ ነው፤ ስልሳ አንድ እጅም በእርግጥ ተነስቷል። ሰኞ አስረክቤ፣ በሐምሌ ተከላክዬ፣ ለእናቴ «አለቀ» እላታለሁ። ቪዲዮዎቹን አንድ ላይ መርጬ ማጥፊያውን ነካሁት። ስልኩ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጣቴን እዚያው ላይ አድርጌ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። የዚያች ልጅ ክንድ ከነጠላው ሲወጣ እየታየኝ አላስቻለኝም። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን ሳይ አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት መምህር ጌታነህን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ምን ላደርግ እንዳሰብኩ ገብቷቸዋል። እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉኝ። «ግራ ያነሳውን ስም ጠርተሽ አታቁሚብኝ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

እንደማላደርገው ነገርኳቸው። እሳቸው መስኮቱ ሥር ቆሙ። እኔ ስለ ንቦቹ ያንኑ የትናንቱን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። እጆቹ ተነሱ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሼ ቀኝ ያነሱት እንዲያወርዱ ነገርኳቸው። ዛሬ የምፈልገው ግራውን እንደሆነ፣ መልስም እንደማልጠይቅ፣ ያልገባውን ሊነግረኝ የሚፈልግ ካለ ብቻ እጁን እንዳያወርድ አልኩ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ስልሳ ስምንቱም ልጆች፣ ቀኝ ያነሳውም ግራ ያነሳውም፣ እጃቸውን አወረዱ። እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም መምህር ጌታነህን አዩ። የከዷቸው ያህል ነው ያዩአቸው። ሁሉን ነገር እንዳበላሸሁ ገባኝ፤ ይቅርታ ብዬ ልወጣ ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ። ዘሃራ ናት። ያላት ደህና እጅ እሱው ብቻ ነው። እንድትናገር በዓይኔ ጠቆምኳት፤ ተነስታ ቆመች።

«እኔ ጥያቄው ገብቶኛል» አለች። «ያልገባኝ ትናንት ለምን እንዳልጠሩኝ ነው።»

የተናገረችው ለእኔ አልነበረም። መምህር ጌታነህ ከመስኮቱ ተላቀው መሀል ድረስ መጡ። ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማሩ፣ ልጆቻቸው ከእነዚህ የሚበልጡ ሰው ናቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት። «እጅሽን አይቼ አንቺን አላየሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።»

አንድ መምህር ተማሪ ፊት እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ልጆቹም ሰምተው አያውቁም። ዘሃራ ቁጭ አለች። ከዚያ በበሩ በኩል የተቀመጠ አንድ ረጅም ልጅ ግራውን አነሳና ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚል እንዳልገባው ተናገረ። መልሱ አይደለም፤ ጥያቄው። እንደሱ የሆነ ሌላ ሰው አለ ወይ አልኩ። ግራ እጆቹ አንድ በአንድ፣ ኋላም በአንዴ ተነሱ። ስድስት ጊዜ ክፍላቸው ተቀምጬ፣ መቶ ሃያ ገጽ ጽፌ ያላወቅሁትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ነገሩኝ። የቀረውን ሰዓት ጥያቄውን ስናፈርሰውና ስንገጥመው ቆየን፤ ስለ መልሱ አንዲት ቃል ሳንናገር ደወሉ ተደወለ።

ስወጣ መምህር ጌታነህ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ይህን ብጽፈው፣ ስማቸውን ብደብቀው እንኳ አገሩ ትንሽ ነውና እሳቸው መሆናቸው እንደሚታወቅ ነገርኳቸው። ትንሽ አብረውኝ ከተራመዱ በኋላ «ጻፊው» አሉኝ። «እሱን ሸፍኖ መያዙም አድክሞኛል።»

ዓርብ ከሰዓት አማካሪዬ ቢሮ ደረስኩ። ጫማዬ ላይ የቁልቁለቱ አቧራ አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል አንድ አንቀጽ ጨምሬ ላልፈው እንደምችል፣ ብዙ ሰው እንደዚያ እንደሚያደርግ በቅንነት ነገሩኝ። እንደ አዲስ ከጀመርኩ ደግሞ አንድ ዓመት እንደሚጨምርብኝ አስታወሱኝ። ያ አንድ አንቀጽ እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቁኝ።

«አርባ ሦስት ልጅ በአንድ አንቀጽ አይገባልኝም» አልኳቸው።

የሰኞው ማስረከቢያ አለፈኝ። የክፍል ጓደኞቼ በዚያ ክረምት ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ በመስኮት አየኋቸው። ለእናቴ ስነግራት «በርቺ» አለችኝ፤ በድምፅዋ ግን እሷም እንደደከማት ታወቀኝ። በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ ደህና በሆነ ሰሞን ሁሉ ወደዚያ ክፍል እየወረድኩ፣ ግራ እጆችን ብቻ እየቆጠርኩ፣ ልጆቹ ያልገባቸውን እንዲናገሩ ሲፈቀድላቸው ምን እንደሚሉ ጻፍኩ።

ይህን የምታነቡ መምህራን ካላችሁ፣ ታሪኩን የምነግራችሁ ጀግና ሆኜ እንዳልሆነ እወቁልኝ። ማጥፊያው ላይ ጣቴን ያደረግኩ ሴት ነኝ። ዛሬም ሰባ ልጅ አስተምራለሁ፤ ዛሬም ይደክመኛል፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደሚቀጥለው ገጽ የማልፍበት ቀንም አለ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። በክፍሌ ውስጥ «አልገባኝም» ያለ ልጅ መጀመሪያ ይጠራል። ይህን ለመልመድ ለብዙ ልጆች ዓመት ፈጀ፤ ለእኔም እንደዚያው። ያኔ እንደ ተመራማሪ ያላየሁትን ልጅ፣ አሁን ክፍል ስገባ አስቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው።

ጥናቴን በጥቅምት፣ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ በተከላከልኩ ቀን መምህር ጌታነህ ሳይነግሩኝ ከአንኮበር መጥተው ነበር። ኮት ለብሰው ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠዋል። ፈታኞቹ ጠይቀው ሲጨርሱ ሰብሳቢው ከታዳሚው ጥያቄ ያለው ካለ አሉ። መምህር ጌታነህ እጃቸውን አነሱ። ግራቸውን። በአዳራሹ ውስጥ ያን ያየ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ።

«እኔ ያልገባኝ ነገር አለ» አሉ ቆመው። «ያልገባቸውን ካወቅን በኋላ ምን እናድርግ? ስልሳም ሰባም ናቸው፤ እኛም ደክሞናል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መቶ ሃያ ገጽ በነበረኝ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ወረቀቴን አየሁ፤ እሳቸውን አየሁ፤ ከዚያ እኔም ግራ እጄን ከፍ አደረግኩ።

«አላውቅም መምህር» አልኳቸው። «ሰኞ ክፍልዎ እመጣና አብረን እንሞክራለን።»